አሥራ ሦስት ጣት

«አንድ ጣት ጨምርለት። እሱ እንዳያውቅ።»

ይህን ያለው ጋሽ አሰፋ ነው፤ ስፌት ያስተማረኝ፣ ነፍሱን ይማረው። ለማን እንዳለው ግን በደንብ አላስታውስም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪ እተኩስ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ አንደኛው የሚያስል ሽማግሌ። ጋሽ አሰፋ ቀጠለ፦ «ሰው ሲወፍር መጀመሪያ የሚሰድበው ልብሱ ነው። ልብሱን ዝም ካሰኘህለት ሰውየው ደስ ብሎት ይኖራል።» ሽማግሌው አሳለና «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን…» አለ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን የጎረቤት የስፌት መኪና ጩኸት በላው። ሰፈራችን መኪና ግርግር የተባለው በከንቱ አይደለም። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ በዚያች ጠባብ ቁልቁለት ግራና ቀኝ የስፌት መኪና ተደርድሮ ሲንጫጫ ይውላል፤ የሰው ወሬ ግማሹን ትሰማና ግማሹን ለእግዚአብሔር ትተዋለህ።

እኔም የሰማሁትን ግማሽ ሕግ አድርጌ ያዝኩት።

ኒቆዲሞስ እባላለሁ። ቤቴ አቦከር ሰፈር ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ከሬዲዮና ከደንበኛ ለቀምኩ። ልብስ የሚለካ ሰው ክንዱን ዘርግቶ እንደ ቆመ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ የሆዱን ሁሉ ያወራል። እኔ ደግሞ አፌ ውስጥ ስፒል ስለሚኖር ማዳመጥ እንጂ መመለስ አልችልም። እንዲህ ሆኜ ነው አዳማጭ የሆንኩት።

ከደንበኞቼ የቆየው አብዱልፈታ ነው። ኤረር በር አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ልጅ ሆነን አብረን ኳስ ተጫውተናል፤ ዘቢባን ሲያገባ የሠርጉን ሱሪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ወገቡ ሰባ ስምንት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየአረፋው አዲስ ሱሪ እሰፋለታለሁ። በየዓመቱም ክንዱን ዘርግቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ «እህሳ ኒቆ፣ ስንት ነው?» ይላል።

እኔም በስፒሉ መሐል «ያው ነው» እላለሁ።

ቁጥር ስላልጠራሁ ውሸት አልመሰለኝም። ደብተሬ ላይ ግን በታማኝነት እጽፋለሁ። አንዱን ዓመት አንድ ጣት፣ ማለትም ሁለት ሳንቲ፣ ሌላውን ግማሽ ጣት፣ ልጁ ናፊያ የተወለደች ዓመት ሁለት ጣት ሙሉ። አምና ስደምረው አሥራ ሦስት ጣት ሆኖ አገኘሁት። የሁለት እጅ ጣት አልቆ ከእግር ሦስት ተጨምሮበታል ማለት ነው። በሜትር ሲለካ መቶ አራት ሳንቲ።

ይህ ሁሉ በሰላም ይኖር ነበር፣ ሰላማዊት ባትመጣ።

ሰላማዊት ለጥናት የመጣች የጤና ባለሙያ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ። አንድ ማለዳ ሱቄ ገባችና «አባቴ፣ ሜትር ይሸጣሉ?» አለችኝ።

«አንሸጥም ልጄ። ያንቺው ምን ሆነ?»

«እንጃ። የሰው ሁሉ ወገብ ቀነሰብኝ።»

ሜትሯን ተቀብዬ ከእኔው ጋር ጎን ለጎን ዘረጋሁት። የእሷ ጨርቅ ተለጥጦ ወደ ሁለት ሳንቲ ረዝሟል። «ልጄ፣ ይህ ሲሳብ የከረመ ነው። ሐረርን ባንድ ሳምንት አቅጥነሻታል» አልኳት። እየሳቀች በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ትርፍ ሜትር ነበረኝና ሰጠኋት። በምትኩ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ እኔ ክፍያዬ እሱ ነው።

«ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ደም ነው የምናጠናው» አለች። «ስኳራቸው ከጤነኛው ከፍ ያለ፣ ግን በሽታው ገና ያልያዛቸው። ደጃፍ ላይ የቆሙ በሏቸው።»

«አንኳኩተዋል?»

«አንኳኩተዋል። ግን ብዙዎቹ መመለስ ይችላሉ።»

ይህን ወደድኩት። ቀጠለችና ደሙ ውስጥ ማዕድን እንደምትለካ ነገረችኝ፤ ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ ካልሲየም።

«ማዕድን ስትይ፣ ከመሬት የሚወጣው?»

«እሱው ነው። በጎመኑ፣ በባቄላው፣ በለውዙ በኩል ደማችን ውስጥ ይገባል። ማግኒዥየም ለምሳሌ፣ ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ሲያስገባ ከሚያግዙት አንዱ ነው። ስኳራቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አንሶ ይገኛል።»

ትንሽ አሰብኩ። «እሱ ስላነሰ ነው ስኳሩ የጨመረው፣ ወይስ ስኳሩ ስለጨመረ ነው እሱ ያነሰው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኛም እኮ እሱኑ ነው የምንፈልገው።»

ቀኑን ሙሉ በደስታ ሰከርኩ። ለአንድ ኮት ሁለት ቀኝ እጅጌ ሰፍቼ ዋልኩ።

በሳምንቱ አብዱልፈታ መጣ። የመጣው በሳቅ ነው፤ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ቁልቁለቱን ወረደ።

«ስሙኝማ አቦ! ስሙኝ!» አለ ለልብስ ሰፊው ሁሉ። «ይቺ ደም የምትቀዳው ልጅ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ማዕድን ያንስሃል! ወላሂ! እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ ብረት የተሸከምኩ፣ ቆርቆሮ የተነፈስኩ ሰው! ሐረር ውስጥ ማዕድን የሞላው ሰው ቢፈለግ ከእኔ ወዲያ ማን አለ?»

የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ስፒሌን ከአፌ አወጣሁ። «ስኳሩንስ?»

«መቶ አሥራ ስምንት፣ በባዶ ሆድ። ደግሞ የሦስት ወሩን የሚናገር ሌላ አለ፣ ስድስት ነጥብ አንድ። ቅድመ ስኳር ነህ ትላለች። በሽታ ቅድመ አለው እንዴ? ቅድመ እርጉዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኔ አለሁ!» አለ ከማዶ ሙሜ፣ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ። ሙሜ ኮት ሰፊ ነው፤ ከመኪናው ጀርባ ለመውጣት መኪናውን መግፋት አለበት። መንገዱ በሳቅ ተናወጠ።

ሳቁ ሲበርድ «ታዲያ ምን አሰብክ?» አልኩት።

«ምን አስባለሁ? ለማረጋገጥ ድጋሚ ደም ስጥ ትላለች። አልሰጥም! ወገብ ነው ዋናው ያለችው ራሷ ናት። መቶ አራት ብላ ጻፈችኝ። ሜትሯ ብልሹ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእኔ ወገብ የሠርጌ ዕለት እንደነበረው ነው። ምስክሬም» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ፣ «ኒቆ ነው።»

ስፒሉ አፌ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እውጠው ነበር።

በማግስቱ ዘቢባ መጣች። ሻሿን አስተካክላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮው የጨርቅ ዋጋ አልጠየቀችም።

«ወንድሜ ኒቆ፣ ትናንት እዚህ ሲስቅ ዋለ አይደል? እሱ የሚስቀው ሲፈራ ነው። የአባቱን ነገር ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። አባቱ አው ነስሮ ስኳር ነበረባቸው። መጀመሪያ የእግር ጣታቸው፣ ቀጥሎ እግራቸው፣ ቀጥሎ ራሳቸው ሄዱ። እግራቸው የተቆረጠ ዕለት ሆስፒታሉ በር ላይ ከአብዱልፈታ ጋር ቁጭ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሲያስቀኝ ነው የዋለው። እጁ ግን እጄን ይዞ አልለቀቀም።

«ናፊያ ከሦስት ወር በኋላ ታገባለች» አለች ዘቢባ። «በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲድራት ነው የምፈልገው፣ ልጇንም እንዲያቅፍ። አሁን ከተጠነቀቀ ይመለሳል ብላናለች ደም የምትቀዳዋ ልጅ። እሱ ግን ደሙንም አልሰጥ፣ ከአራት ማንኪያ ስኳርም አልወርድ ብሏል። እኔን አይሰማም፣ ሐኪም አይሰማም። የሚያምነው ያንተን ሜትር ነው።»

ምን ልበላት? ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ የእሱን ገጽ ገለጥኩና ሰጠኋት። ሰባ ስምንት። ሰማንያ። ሰማንያ ሦስት። እያለ እስከ ታች። ዘቢባ በጣቷ ተከትላ አነበበች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ውኃ ልፈልግ ስነሣ፣ ለካ እየሳቀች ኖሯል።

«ያ አላህ! አንተም?»

«እንዴት ‹አንተም›?»

«ቀበቶውን የምገዛው እኔ ነኛ! አንድ ዓይነት ጥቁር፣ አንድ ዓይነት ዘለበት፣ ብቻ ረዘም ያለ። አዲስነቱ እንዳይታወቅ ቅባት እያሸሁ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ አስረጀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሦስተኛዋ ቀዳዳ ነው የሚታጠቀው! በዚያችው ቀዳዳ ለወንድሞቹ ይፎክራል!»

እኔም አልቻልኩም። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ሙሜ መኪናውን ገፍቶ «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?» እያለ እስኪመጣ ድረስ ሁለታችንም እንባችንን እየጠረግን ነበር። ሙሜ ሲመለስ ዘቢባ ሳቋን ዋጠች።

«ሁለታችን ተጋግዘን ነው ደጃፉ ላይ ያቆምነው፣ ኒቆ» አለች ቀስ ብላ።

በነጋታው ኪዳን ቆሜ፣ «ጌታ ሆይ፣ ‹ያው ነው› ማለት ውሸት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። እሱም እንደ እኔ አዳማጭ ነው። መልሱን ግን ከቤተ ክርስቲያን ሳልወጣ አወቅሁት።

ሐሙስ ዕለት አብዱልፈታ ሰላማዊትን አስከትሎ መጣ። በእጁ ፌስታል ይዟል።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የለካኝ ሰው። ጠይቂው!»

«አባቴ፣ በአዲሱ ሜትር ነው እኮ የለካሁዎት» አለች ሰላማዊት በትዕግሥት። «ደግሞ የተለጠጠ ሜትር ቁጥር ያሳንሳል እንጂ አያበዛም።»

«ሜትርና ሜትር ይጣላ! እኔ ከሜትር የበለጠ ማስረጃ አምጥቻለሁ።» ፌስታሉን ፈታና የሠርጉን ሱሪ አወጣ። ግራጫ ሱፍ፣ እኔ የሰፋሁት፣ መተኮሻው እንዳለ። «ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ለብሼው እወጣለሁ። አይታችሁ ትመሰክራላችሁ!»

አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ገብቷል። መኪና ግርግር ጸጥ አለ። እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንዲት እርግብ ድምፅ ሰማሁ።

«ኒቆ» አለ ከመጋረጃው ውስጥ። ድምፁ ቀጥኗል።

«አቤት።»

«ሱፍ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ይጠባል?»

«አይጠብም።»

ከመጋረጃው ውስጥ የትንፋሽ ድምፅ፣ የዝላይ ድምፅ፣ አንድ ነገር ግድግዳ ሲመታ።

«ተንፍስ አቦ! ትንፋሽህን አውጣ!» ብሎ ጮኸ ሙሜ ከማዶ።

«አንተ ቅድመ እርጉዝ ዝም በል! … ኒቆ። ና ግባ። ብቻህን።»

ገባሁ። ሱሪው ጭኑ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ወደ ላይ አይሄድ፣ ወደ ታች አይመለስ። አብዱልፈታ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ተጠቀለለ ቆርቆሮ ሁለት እግሩን ወደ ፊት ዘርግቷል። ተንበርክኬ ሱሪውን በእግሩ ጫፍ በኩል ያዝኩ።

«ሳብ» አለኝ።

ሳብኩ። እየሳብኩ ተናገርኩ፤ ፊት ለፊት አይቼው ብሆን ድፍረቱ አይመጣልኝም ነበር። «አብዱልፈታ። መቶ አራት ነው።»

«ምኑ?»

«ወገብህ። በየአረፋው ስጨምርልህ ኖሬአለሁ። አሥራ ሦስት ጣት። ያው ነው ስልህ ያው አልነበረም።»

«ሳብ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ የተናገርኩት ገባው። «ቀበቶዬስ? በሦስተኛዋ ቀዳዳ ነው እኮ የምታጠቀው።»

«እሱን ዘቢባን ጠይቃት።»

ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። በሃያ ዓመት ውስጥ የታጠቃቸውን ቀበቶዎች ሁሉ አንድ በአንድ ሲቆጥር አየሁት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሆዱ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቁ ፈነዳ። እኔም ፈነዳሁ። «አሥራ ሦስት!» ይላል፣ «አሥራ ሦስት!» እያለ የሱሪውን ጉልበት በጡጫ ይመታል።

«ጋሼ፣ ደህና ናችሁ?» አለች ሰላማዊት ከውጭ።

«ደህና ነን! ሱሪ ይዞን ነው!»

ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘ፤ ያን ጊዜ ሆስፒታሉ በር ላይ እንደያዘኝ አድርጎ።

«አባዬን እግሩን ሲቆርጡት አንተ ነበርክ አጠገቤ» አለኝ። «ያን አይተህ ነው ‹ያው ነው› ስትለኝ የኖርከው?»

«ደስ እንዲልህ ነበር።»

«ደስ ብሎኛል አቦ። ሃያ ሁለት ዓመት ደስ ብሎኛል። ግን አንዲት ቀን እንኳ ‹ግን› አትለኝም?»

ጋሽ አሰፋ ዘንድ የነበረው የሚያስል ሽማግሌ ከ‹ግን› ቀጥሎ ምን ብሎ እንደጨረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚህ የራቀ ነገር ያለ ግን አይመስለኝም። «ይቅር በለኝ» አልኩት፣ ሱሪውን እንደያዝኩ።

«መጀመሪያ ከዚህ አውጣኝ፣ ይቅርታውን ከዚያ እናያለን።»

እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ባለኝ ኃይል ጎተትኩ። ሱሪው ወጣ፤ እኔ ከነሱሪው ወደ ኋላ፣ እሱ ከነጥቅሉ ወደ ጎን ተንከባለልን፣ መጋረጃውም ከነዘንጉ ላያችን ላይ ወደቀ። መንገዱ ሁሉ በጭብጨባ ደመቀ። እኔ ከመጋረጃው ሥር ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው፤ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

አብዱልፈታ የወትሮ ሱሪውን አጥልቆ ወጣና ሰላማዊት ፊት ክንዱን ዘረጋ። «በይ ለኪ። ጮክ ብለሽ። ሙሜም ይስማ።»

«መቶ አራት» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደብተርና ሜትር ተስማሙ።» ተቀመጠ። «ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ይመለሳል ያልሽው እውነት ነው?»

«ቃል አልገባልዎትም። ብዙ ሰው ግን ይመለሳል። በእግር መሄድ፣ ስኳርና ለስላሳ መቀነስ፣ ጎመኑን ባቄላውን ማብዛት። መጀመሪያ ግን ደሙን ድጋሚ እንይ።»

«ጫት ስቅም፣ በበርጫው ላይ የምጠጣው ሻይስ?»

«አንድ ማንኪያ። ቢቀርም ይሻላል።»

«ሦስት።»

«አባቴ፣ ቆርቆሮ እየገዛሁ አይደለም።»

«እሺ አንድ ተኩል፣ ለአንቺ ስል። ማዕድኑንስ ሚስማር ብልስ?»

«ሚስማር አይቆጠርም» አለች፣ ፈገግታዋን በወረቀቷ ሸፍና።

አብዱልፈታ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ የልጅነቱን ተንኮል አየሁ። «ለመሆኑ የዚህን ሰውዬ ወገብ ማን ይለካዋል?» አለ። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ መንትፎ ወገቤ ላይ ጠመጠመው። ሸሚዜን ገለጥ ሲያደርግ የሱሪዬ ወገብ ታየ።

«ላስቲክ!» ብሎ ጮኸ። «ሐረርን የሚያለብሰው ሰው የራሱን በላስቲክ ይሰፋል! ዘጠና ዘጠኝ!»

«ቀኑን ሙሉ ስለምቀመጥ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ሰኞ በባዶ ሆድ ይምጡ» አለች ሰላማዊት።

እውነቱን ልናገር፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። «እኔ እንኳ መርፌ ትንሽ…»

«መርፌ ትፈራለህ?» አለ አብዱልፈታ። «ሠላሳ ዓመት በመርፌ የኖርክ ሰው?»

«እኔ ይዤው ሲሆን ነው።»

ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ሥራ የሠራ የለም። ሙሜ በሳቅ ከመኪናው ጀርባ ተቀርቅሮ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣው። ሲረጋጋ አብዱልፈታ ሱቄ ውስጥ ካለው ሱፍ ሁሉ ጥቁሩን መርጦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ስማ ኒቆ። ለናፊያ ሠርግ ይህን ትቆርጥልኛለህ፣ ዛሬ፣ እያየሁ። ወገቡን በመቶ። ሁለቱን ጣት እኔ አወርዳለሁ፣ አንተ አንዲት ጣት እንዳትጨምር። ከሰኞ ጀምሮ እኔ ከፈጅር ሶላት፣ አንተ ከኪዳን ወጥተን ኤረር በር እንገናኝና እስከ ሐኪም ጋራ ግርጌ በእግር። በየሐሙሱ ትለካኛለህ፣ ቁጥሩንም ሙሜ እስኪሰማ ትጠራለህ።»

«ካልገባህበትስ?»

«በሽርጥ እድራታለሁ። ሽርጥ ቁጥር የለውም።»

ጠመኔውን አንሥቼ መቶ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሰላማዊት እስክሪብቶዋን ከፍታ ትጠብቃለች፤ መዝገቧ ላይ ከስሙ ጎን ባዶ ቦታ አለ።

«ደሙንስ፣ አባቴ?» አለችው።

አብዱልፈታ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጥቁር ሱፍ በመዳፉ ዳበሰው። ቀጥሎ የግራ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ፣ የእኔንም ይዞ ጠቀለለ፣ ሁለቱን ክንዶች ሱፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«ሰኞ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ። መጀመሪያ የእሱን ትወጊያለሽ፣ እኔ እጁን ይዤለት እስቃለሁ። ቀጥሎ የእኔን» አለ። «እሺ፣ እሰጣለሁ።»